የአሳዳጊ ብድር ለማን ይመለሳል? (የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የሕይወት ታሪክ)



በዚህ ጽሑፋችን የምናቀርብላችሁ የአንድ ታላቅ ኢትዮጵያዊ የሕይወት ታሪክ ነው። እኒህ ሰው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ይባላሉ። ብዙዎቻችን ስማቸውን የምናውቀው በዘመናዊ ሕክምና ሠልጥነው በሐኪምነት የተመረቁ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ በመሆናቸው ነው። እኛ ግን ዛሬ ታሪካቸውን የምናነሣው ስለ ሕክምናቸው ብቻ አይደለም። አንድ ልጅ ከልጅነት ወደ ሙሉ ሰውነት እንዲሻገር ማን ምን ሊያደርግለት ይገባል? ላደረጉለት ሰዎችስ ብድሩን የሚመልሰው እንዴት ነው? ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች የእሳቸው ሕይወት ጥሩ መልስ ይሰጠናል ብለን ስላመንን ነው።

ጥያቄው የታሪክ ጥያቄ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺሕ በላይ ተማሪዎች መካከል ግማሹንና ከግማሽ በላይ ውጤት ያገኙት ወደ 30 ሺሕ የሚጠጉ ብቻ ነበሩ። ይኸውም ከመቶ 3.3 ማለት ነው። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ሆነ። ከእነዚያ ከቀሩት እጅግ ብዙ ወጣቶች ውስጥ የእኛ የአቃቂና የቃሊቲ ልጆች ይገኙባቸዋል። ትናንት አብረውን መዝሙር ያጠኑ፣ በበዓል ቀን ምንጣፍ ያነጠፉ ናቸው። ከፈተናው ማግሥት ግን የት እንደደረሱ የጠየቅናቸው ስንቶቻችን ነን? እንግዲህ ይህን ጥያቄ በልባችን ይዘን ወደ ታሪኩ እንግባ።

ከመቅደላ የወጡ ሁለት ሕፃናት

ወርቅነህ የተወለደው በጎንደር ሲሆን ዘመኑም 1857 ዓ.ም. ገደማ ነበር። ጊዜው የዐፄ ቴዎድሮስ መንግሥት ወደ ማብቂያው የተቃረበበት ነው። ቤተሰቡም በዚያ ዘመን እንደነበሩት እንደ ብዙዎቹ የጎንደር ሰዎች ከንጉሠ ነገሥቱ ሠራዊት ጋር ወደ መቅደላ አምባ ተጓዘ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝና ዐፄ ቴዎድሮስ ሲሞቱ በአምባው ላይ የነበረው ሕዝብ ተደናገጠ፤ እናት ከልጇ፣ ባል ከሚስቱ ተለያየ። ገና 3 ወይም 4 ዓመት የሆነው ወርቅነህም በዚያ ግርግር መካከል ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኰንንም ልጁን አንሥቶ ወደ ህንድ ይዞት ሄደ።

ከዚያው አምባ፣ በዚያው ሰሞን፣ ሌላም ሕፃን ወጥቶ ነበር። እርሱም የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜው 7 ዓመት ገደማ ነበር። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ በጉዞ ላይ ሳሉ ትግራይ ውስጥ ዐረፉ፤ ልጁም ያለ አባትና ያለ እናት ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገረ።

እነዚህ ሁለት ሕፃናት ከአንድ ስፍራ፣ በአንድ መከራ፣ በአንድ ጦር እጅ ወጥተዋል። አንደኛው የንጉሥ ልጅ ነው፤ ሁለተኛውን ግን የሚያውቀው የለም። በዚያ ቀን የትኛው ልጅ የተሻለ ዕድል ይጠብቀዋል ተብሎ ቢጠየቅ፣ ሁሉም የንጉሡን ልጅ ይመርጥ እንደነበር አያጠራጥርም። የሆነው ግን እንደዚያ አልነበረም። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን መመልከት ይጠቅመናል።

ልዑል ዓለማየሁ

የልዑል ዓለማየሁ የመጀመሪያ ሞግዚት ካፒቴን ስፒዲ የተባለ ሰው ነበር። ይህ ሰው ቀደም ሲል በኢትዮጵያ የቆየና አማርኛ የሚያውቅ ስለነበረ፣ ልጁ በጣም ወደደው፤ ተጣበቀበትም። ንግሥት ቪክቶሪያም ለልጁ ያዘኑለት ነበር። ይሁን እንጂ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ የእንግሊዝ መንግሥት ልጁን ከስፒዲ እጅ ወስዶ ለአንድ የትምህርት ቤት ዲሬክተር አስረከበው። ከዚያም በታወቁት ትምህርት ቤቶች ተማረ፤ ቀጥሎ በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት ገባ፤ ነገር ግን አልተስማማውም። በመጨረሻም ሊድስ በሚባለው ከተማ በአንድ መምህር ቤት ሆኖ ሲማር ታመመና በኅዳር ወር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ ዐረፈ። የተቀበረውም በዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ኢትዮጵያ ዐፅሙ እንዲመለስላት ስትጠይቅ ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ በ2015 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ጥያቄውን ሳይቀበለው ቀርቷል።

ልዑሉን የገደለው የሳንባ በሽታ እንጂ ሌላ አይደለም፤ ስለዚህ ሞቱን በሞግዚቶቹ ላይ አንጭንም። ነገር ግን ከዕድሜው አንጻር ስንመለከተው አንድ ነገር ግልጥ ሆኖ ይታየናል። ልብሱ፣ ምግቡ፣ ትምህርት ቤቱ አልጐደለበትም። የጐደለው ሌላ ነገር ነው። የሚወደውንና ቋንቋውን የሚያውቀውን ሰው ባገኘ ጊዜ ከእርሱ ወሰዱት፤ ከቤት ወደ ቤት፣ ከሞግዚት ወደ ሞግዚት አዘዋወሩት። ምን መማር እንዳለበት ሲወስኑለት ኖሩ፤ ሰው ሲሆን ምን እንደሚሠራና የት እንደሚኖር ግን የተዘጋጀለት መንገድ አልነበረም። ማዕርግ ነበረው፤ ሥራ አልነበረውም።

በህንድ አገር

አሁን ደግሞ ወደ ወርቅነህ እንመለስ። ኮሎኔል ቻምበርሌን ልጁን ወደ ህንድ ከወሰደው በኋላ ብዙ ዘመን አልኖረም፤ ሞተ። ልጁም ለሁለተኛ ጊዜ አሳዳጊ የሌለው ሆነ። በዚህን ጊዜ ነገሩ ሁሉ በዚያው ሊቋረጥ ይችል ነበር። ነገር ግን ኮሎኔል ማርቲን የሚባል ሌላ መኰንን የሞተውን ሰው ኀላፊነት ተረከበ። የትምህርቱን ወጪ እየከፈለ አምሪትሳር በሚባለው ከተማ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንዲማር አደረገው። ልጁም ከሁለቱ አሳዳጊዎቹ ስም ተወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ቻርልስ የቻምበርሌን ስም ነው፤ ማርቲንም የሁለተኛው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። የመጀመሪያው ሰው የጀመረውን ሁለተኛው ባይረከብ ኖሮ፣ ዛሬ ስለ ሐኪም ወርቅነህ የምንጽፈው ነገር አይኖርም ነበር። ብዙ ጊዜ አንድ ልጅ የሚጠፋው ደግ ሰው ሳያገኝ ቀርቶ ላይሆን ይችላል። ያገኘው ደግ ሰው ሲሞት፣ ወይም አገር ሲለቅ፣ ወይም ሥራ ሲበዛበት የሚተካ በመጥፋቱ ነው። እንደ ዱላ ቅብብል ሩጫ ሁሉ ዱላው የሚወድቀው በአብዛኛው በመቀባበያው ላይ ነው።

ልጁ በትምህርቱ ጎበዝ ስለነበር በላሆር የሕክምና ትምህርት ቤት ገብቶ 20 ዓመት ሳይሞላው ተመረቀ። ይህም በ1870ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. መሆኑ ነው። ከዚያም ወደ ስኮትላንድ ሄዶ የሕክምና ትምህርቱን አሻሻለ። ሲመለስም በበርማ፣ በእንግሊዝ መንግሥት ሥር፣ በሐኪምነት ተቀጠረ። ከዚህ በኋላ የምንናገረው ስለ አንድ ሙሉ ሰው ስለሆነ፣ እሳቸው እያልን እንቀጥላለን።

እንግዲህ በልዑል ዓለማየሁና በወርቅነህ መካከል ያለው ልዩነት በዚህ ይታያል። ለወርቅነህ የተደረገው እርዳታ ከልዑሉ እርዳታ የበለጠ አልነበረም፤ ያነሰ ነበር እንጂ። ቤተ መንግሥት አላስተማራቸውም፤ ንግሥት አልጠየቀቻቸውም። ነገር ግን እርዳታው መድረሻ ነበረው። መጨረሻው በእጅ የሚያዝ ሙያ ነበር። አንድ ወጣት ሙያ ከያዘ በኋላ አሳዳጊው ቢሞት እንኳ በገዛ እግሩ ይቆማል።

ይህን ስንል ግን ወደ ሌላው ስሕተት እንዳንወድቅ መጠንቀቅ አለብን። ሁለቱም ሕፃናት ከአገራቸው የወጡት ወደው አይደለም። የወሰዳቸው አገራቸውን የወጋ ጦር ነው። ስለዚህ ለቻምበርሌንና ለማርቲን ደግነት ተገቢውን ክብር ብንሰጥም፣ የልጁን ቋንቋ፣ የልጁን ስም፣ የልጁን ወገን ያሳጣው ያው ጉዞ መሆኑን መርሳት አይገባንም። ወርቅነህ ሲያድጉ አማርኛ አያውቁም ነበር። የአባታቸውንና የእናታቸውንም ነገር የሚነግራቸው አልነበረም። ስለዚህ ሕክምናን በሚገባ ያወቀው ወጣት ስለ ገዛ ትውልዱ የሚያውቀው ጥቂት ነበር።

ወደ አገር መመለስ

የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የዐድዋ ድል ሆነ። ወሬው በዓለም ሁሉ ሲሰማ ወደ በርማም ደረሰ። ሐኪሙም ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያውቁ ስለነበር አገራቸውን ለማየት ቆረጡ። ፈቃድ ወስደውም በ1892 ዓ.ም. ገደማ፣ ከ30 ዓመት በላይ ከአገራቸው ርቀው ከኖሩ በኋላ፣ ወደ ኢትዮጵያ መጡ። አዲስ አበባ ሲገቡም በድንኳን ተቀምጠው ሕመምተኞችን ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር።

በሕፃንነቱ ከመቅደላ የተወሰደ አንድ ሐኪም መጥቷል የሚለው ወሬም ተሰራጨ። ሴት አያታቸውም ይህን ሰምተው መጡ። በሕፃንነታቸው በሰውነታቸው ላይ በቀረ ጠባሳ ለይተው እንዳወቋቸውና ስማቸው ወርቅነህ መሆኑን እንደነገሯቸው ይተረካል። ቋንቋ ስለማይችሉ በአስተርጓሚ ይነጋገሩ የነበሩት ሐኪም በዚያን ቀን ስማቸውን፣ አባታቸውንና ዘመዶቻቸውን አገኙ። ከዚያ በኋላ አማርኛን እንደ ተማሪ ተቀምጠው ተማሩ።

የሁለቱ አሳዳጊዎች ሥራ ተፈጸመ የምንለው እዚህ ላይ ነው እንጂ በላሆር በምረቃው ቀን አይደለም። አንዱ ያነሣውን፣ ሁለተኛው ያስተማረውን ልጅ፣ ስሙን ሰጥታ ወደ ወገኑ የመለሰችው አንዲት ጎንደሬ አሮጊት ናት። እርሷ ገንዘብ አልከፈለችም። የነበራት ነገር ትዝታ ብቻ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚለው የአባቶቻችን አነጋገር በእንዲህ ያለው ጊዜ ይሠራል። አንድ ወጣት ለማሳደግ ሁሉም ሰው ሁሉን ነገር እንዲሰጥ አያስፈልግም። ነገር ግን እያንዳንዱ የያዘውን አንድ ሎሚ ማምጣት አለበት።

ሐኪም ወርቅነህ ከዚህ በኋላ ወደ ሥራቸው ወደ በርማ ተመለሱ። በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንደገና መጥተው በእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ሲሠሩ የታመሙትን ዐፄ ምኒልክንም አክመዋል። ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉንም አግብተው ብዙ ልጆች ወለዱ። ከእንግሊዝ መንግሥት ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ ግን፣ ከ1911 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ፣ ጠቅልለው በአገራቸው ተቀመጡ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በላይ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ጡረታውን እየበላ በሰላም የሚያርፍበት ጊዜ ነው።

ብድሩን ለማን መለሱት?

ቻምበርሌን ሞቶአል። ለማርቲንም ብድሩን በገንዘብ ለመመለስ የሚቻል አይደለም። እንደ እውነቱ ከሆነ ማንም ሰው ያሳደገውን ሰው ብድር ለአሳዳጊው መልሶ አይጨርሰውም። ሐኪም ወርቅነህ ብድራቸውን የመለሱት ወደ ኋላ ሳይሆን ወደ ፊት ነው፤ ይኸውም ለማያውቋቸው ልጆች።

በሚያዝያ ወር 1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲከፈት ሐኪም ወርቅነህ የትምህርት ቤቱ የበላይ ተቈጣጣሪ ሆኑ። ይህ በኋላ ዘመን የእንጦጦ ቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ የሆነው ግቢ ነው። ልጆች ሆነው ወደዚያ የገቡ ብዙዎች በኋላ የመንግሥት ሠራተኞች፣ መምህራንና ዲፕሎማቶች ሆነዋል። ለተማሪዎች በአማርኛ የሚነበብ የትምህርት መጽሐፍ በማነሱም የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጽፈው በ1920 ዓ.ም. አካባቢ አሳተሙ። ልብ በሉ፤ ይህን መጽሐፍ ያዘጋጁት ሰው አማርኛን ከ30 ዓመታቸው በኋላ የተማሩ ናቸው። እሳቸው ልጅ ሳሉ ያጡትን ነገር፣ ማለትም ዕውቀትን በገዛ ቋንቋ ማግኘትን፣ ለሌሎች ልጆች ሰጡ።

በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ስለ ጣና ግድብ ለመነጋገር በመንግሥት ተልከው ወደ አሜሪካ ሄዱ። እግረ መንገዳቸውንም በኒውዮርክ ሀርለም የሚኖሩትን ጥቁር አሜሪካውያን አግኝተው፣ ሙያ ያላቸው ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። ራሳቸው በሌላ አገር ሰዎች እጅ ስላደጉ፣ ሙያ ከየትም ይምጣ ከየት፣ ለአገር ልጅ የሚያስተምረው ሰው እስከተገኘ ድረስ መልካም መሆኑን ያውቃሉ።

ከዚህም በላይ ልብ የሚነካው ለባሪያ ልጆች ያደረጉት ነው። በዚያ ዘመን በአገራችን ባርነት ገና አልጠፋም ነበር። ነፃ የወጣ ሰው ቢኖርም፣ ነፃነቱን ካገኘ በኋላ ወዴት እንደሚሄድና ምን እንደሚሠራ አያውቅም። ሐኪም ወርቅነህ የፍቅርና የአገልግሎት ማኅበር የሚባለውን ከመሠረቱት መካከል ሲሆኑ፣ ነፃ የወጡ ልጆች ፊደልና የእጅ ሥራ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲቋቋምም ደክመዋል። ከወላጅ የተለየ ልጅ፣ ስሙን እንኳ የማያውቅ ልጅ፣ በሰው ቤት ያደገ ልጅ ምን እንደሚሰማው ከእሳቸው የበለጠ ማን ሊያውቅ ይችላል? ሕመማቸው ለሌላው መድኃኒት ሆነ።

ከ1922 ዓ.ም. ማብቂያ አካባቢ ጀምሮ ደግሞ የጨርጨር አውራጃ ገዥ ሆነው ተሾሙ። መቀመጫቸውም አሰበ ተፈሪ ነበር። ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ወደ ጨርጨር የሚሄድ ሰው የሚሳፈርበት የምድር ባቡር፣ በእኛው በአቃቂ ጣቢያ አልፎ ነው ወደ ምሥራቅ የሚወርደው። አሮጌው ባቡር መሄዱን ካቆመ ዓመታት ቢያልፉም፣ ሐዲዱን የምናውቅ ሁሉ ሐኪም ወርቅነህ የተመላለሱበት መንገድ መሆኑን ልናስታውስ ይገባናል። በጨርጨርም መንገድ አሠሩ፤ የተማሩ ወጣቶችን በአስተዳደር ሥራ አሰለፉ። ወጣትን አስተምሮ መተው በቂ አለመሆኑን፣ የሚሠራበት ቦታም ሊሰጠውና ሊታመን እንደሚገባ በሥራ አሳዩ።

የመከራው ዘመን

በ1927 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ለንደን ሄዱ። ጣልያን አገራችንን ሲወር እሳቸው በዚያ ሆነው የኢትዮጵያን ጉዳይ ለዓለም በማሰማትና እርዳታ በማሰባሰብ ደከሙ። በእንግሊዝ አገር የተማሩት ሁለቱ ልጆቻቸው ዮሴፍና ቢንያም ግን በሰላም መቀመጥ ሲችሉ አገራቸው ገቡ። የተማሩ ወጣቶች በነቀምቴ ካቋቋሙት ከጥቁር አንበሳ ጦር ጋርም ተሰለፉ። ጦሩ ከልዑል ራስ እምሩ ጋር በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. እጁን ለመስጠት ተገደደ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ሲወረወር፣ ጠላት የተማሩትን ወጣቶች እየለቀመ ገደለ። ዮሴፍና ቢንያምም ከተገደሉት መካከል ነበሩ።

ይህ ለአንድ አባት እንዴት ያለ ሐዘን ነው! በዚያ ሰሞን የሞቱት የሥጋ ልጆቻቸው ብቻ አይደሉም። በትምህርት ቤት ሲያድጉ ያዩአቸው፣ ተስፋ የጣሉባቸው ወጣቶችም ነበሩ። በ20 ዓመት የተዘራው ዘር በጥቂት ቀን ታጨደ። ሐኪም ወርቅነህ በዚያን ጊዜ ከ70 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ቢሆንም አገራቸው ነፃ ከወጣች በኋላ ተመልሰው መጡ፤ በ1945 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም በአዲስ አበባ ዐረፉ። ዕድሜያቸው 87 ዓመት ገደማ ነበር። የጠላት ዘመን ካለፈ በኋላ ትምህርት ቤቶች እንደገና ሲከፈቱ፣ ከሞት የተረፉት የቀድሞ ተማሪዎች ሥራውን ተረከቡ። ዱላው አልወደቀም።

ይህ ታሪክ ለእኛ

ወንድሞችና እኅቶች፤ እኛ በዚህ በአቃቂ ቃሊቲ የምንኖር ወጣቶች ኮሎኔሎች አይደለንም፤ የአውራጃ ገዥዎችም አይደለንም። ግማሾቻችን ተማሪዎች ነን፤ ግማሾቻችን በፋብሪካ፣ በጋራዥ፣ በሱቅ እንሠራለን። ስለዚህ ሰውን ለማሳደግ ምን አለን የሚል አሳብ ሊመጣብን ይችላል። ከላይ እንዳየነው ግን ከሐኪም ወርቅነህ አሳዳጊዎች አንዷ የነበራት አንድ ትዝታ ብቻ ነበር።

በመጀመሪያ ቅብብሉን እንመልከት። በሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጆች ከሕፃናት ክፍል ወደ አዳጊዎች፣ ከአዳጊዎችም ወደ ወጣቶች ክፍል ይዛወራሉ። ስሙ ከአንዱ መዝገብ ሲሰረዝ በሌላው መዝገብ ሳይጻፍ የሚቀር ልጅ አለ። ማንም አላባረረውም፤ ማንም ግን አልተረከበውም። የአዳጊዎች ክፍል አስተማሪ ልጁን የሚያስረክበው ለመዝገብ ሳይሆን በስም ለሚታወቅ አንድ ሰው ቢሆን ይህ ክፍተት ይጠባል። የቀድሞ አባቶቻችን በአብነት ትምህርት ቤት ይህን ያውቁበት ነበር። የኔታ ሁሉንም ተማሪ ብቻቸውን አያስተምሩም፤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቀጽላል፤ እርሱም በተራው ለሚቀጥለው ያስተላልፋል።

ሁለተኛ፣ የምንሰጠው እርዳታ መድረሻ ይኑረው። ፈተና ያላለፈ ወንድማችንን ማጽናናት መልካም ነው፤ ነገር ግን ማጽናናት ብቻውን ሙያ አይሆንም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት የት እንዳለ፣ ምዝገባው መቼ እንደሆነ፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ አብሮት ሄዶ መጠየቅ፣ በጋራዥ ወይም በእንጨት ሥራ ቤት ከሚሠራ አባል ጋር ማገናኘት፣ እንደገና ለመፈተን ለሚፈልገውም በሳምንት ሁለት ሰዓት ሒሳብ ማስጠናት ይቻላል። በክፍለ ከተማችን በቂሊንጦ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ቆሞአል። ከአጥሩ ብዙም ሳይርቁ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬ መኖሪያዎች፣ አንድም የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በቅርብ የማያውቁ ልጆች ይኖራሉ። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ተማሪዎች ይህን አጥር ለመሻገር የሚያስፈልገን ገንዘብ ሳይሆን ጊዜ ነው።

ሦስተኛ፣ የምናግዘውን ልጅ ከወገኑ አንለየው። የልዑል ዓለማየሁን ታሪክ ያነሣነው ስለዚህ ነው። አንድን ወጣት ስናግዝ በወላጆቹ እንዲያፍር፣ የቤቱን ቋንቋ እንዲንቅ፣ የተወለደበትን መንደር እንዲጠላ ካደረግነው፣ በአንድ እጅ የሰጠነውን በሌላው ወስደናል። በዚህ አካባቢ ያሉ ልጆች ከልዩ ልዩ ቤትና ቋንቋ የመጡ ናቸው። እናቱን ሄደን ሰላም እንበል፤ አባቱን እናማክር። ልጁ በሁለት እግሩ ሲቆም፣ የቆመበትን መሬት የሚያውቅ ይሁን።

እንግዲህ ጊዜ የወሰደልን፣ መጽሐፍ ያዋሰን፣ ስንጠፋ ቤታችን ድረስ መጥቶ የጠየቀን ታላቅ ወንድም ወይም ታላቅ እኅት ያልነበረን ማን አለ? ከእነርሱ አንዳንዶቹ አገር ለቀዋል፤ አንዳንዶቹም ዐርፈዋል። ብድሩን ለእነርሱ መመለስ አንችልም። ዘንድሮ ከአዳጊዎች ክፍል ወደ እኛ የሚመጡት ልጆች ግን በደጅ ናቸው። እያንዳንዳችን የአንድ ልጅ ስም ይዘን ብንወጣ፣ በሚቀጥለው ዓመት መዝገባችን ሲነበብ የሚጎድለው ስም ያነሰ ይሆናል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።